ከኋላ ወንበር የሚነበብ ስላይድ፦ ገለጻ ለሚያቀርቡ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአዳራሽ ውስጥ ጉዳዩን በስላይድ አስደግፎ እንዲያስረዳ የሚጠየቀው የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ተደራጅተው ብድር የሚጠይቁ ወጣቶች፣ የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚያቀርቡ ተማሪዎች፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት የሚያሰሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ የፈጠራ ሥራቸውን ለዳኞች የሚያስተዋውቁ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ሁሉ ይህ ይጠበቅባቸዋል። የሚሰጣቸው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው። የወራት ድካም፣ አንዳንዴም የዓመታት ተስፋ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ በሚታየውና በሚሰማው ይመዘናል።

የቦረና ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መካነ ሰላም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያ ግቢው ሌላ በዚህች ከተማ ግቢ ስላለው የጥናት ገለጻ የሚሰማባቸው አዳራሾች አሉ። በቦረናም ሆነ በአጎራባቾቹ በአማራ ሳይንት፣ በወግዲና በለጋምቦ ወረዳዎች የሚኖር ተገልጋይ ጉዳዩ ወደ ዞን ከፍ ካለ ወደ ደሴ፣ ወደ ክልል ካለፈ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር መጓዝ ይኖርበታል። የደጋውን ረጅም መንገድ አቋርጦ፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪውን ችሎ ከደረሰ በኋላ በፍላሽ የያዘው ፋይል ሲከፈት የአማርኛው ፊደል ወደማይነበብ ምልክት ተለውጦ ቢገኝ፣ ወይም ሠንጠረዡ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ለተቀመጠ ሰው ባይታይ፣ ጉዳቱ የስላይድ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ችግር በቀላሉ ሊወገድ የሚችል በመሆኑ ነው።

ስላይድ ምን ይሠራል?

ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ፓወር ፖይንት የተባለው ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 (በ1979 ዓ.ም.) ነው። የሠሩት ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን በአንድ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በፊት ተናጋሪዎች በብርሃን የሚታዩ የፊልም ቁርጥራጮችንና በፕላስቲክ ላይ የተጻፉ ገጾችን ይጠቀሙ ነበር። እያንዳንዷን ቁራጭ ማሠራት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር ማንም ሰው ሳያስብበት ስልሳ ስላይድ ይዞ አይመጣም። ኮምፒዩተሩ ይህን ቁጥብነት አስቀረ። ዛሬ ጽሑፍን ከሪፖርት ቀድቶ በስላይድ ላይ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ወጪው የሚወድቀው በተመልካቹ ላይ ነው።

ስላይድ ለዓይን የቀረበ የንግግር ድጋፍ እንጂ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሪፖርት አይደለም። ሰው በአንድ ጊዜ ረጅም ጽሑፍ እያነበበ ሌላ ንግግር በጥሞና ማዳመጥ አይችልም። አቅራቢው ስላይዱን ቃል በቃል ሲያነብ ደግሞ ተሰብሳቢው ቀድሞት አንብቦ ይጨርስና ስልኩን ያወጣል። በመሆኑም ዝርዝሩ በወረቀት ታትሞ ይታደል፤ በስላይዱ ላይ የሚቀመጠው አቅራቢው ሲናገር ተመልካቹ ሊያየው የሚገባው ነገር ብቻ ይሁን። ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ፋይል ለመፈጸም ሲሞከር ለንግግር የማይመች፣ ለንባብም ያልተሟላ ነገር ይፈጠራል።

የስላይድ አዘገጃጀት የሰው ሕይወት እስከማስከፈል የሚያደርስ ጉዳይ አካል የሆነበት አጋጣሚም አለ። ጥር 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተላቀቀ የስፖንጅ መሰል ሽፋን ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ በምሕዋር ላይ ሳለች መሐንዲሶች አደጋውን መርምረው ውጤቱን ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ የአንዱ ርዕስ አንባቢውን የሚያረጋጋ ነበር። ክንፏን የመታው ቁራጭ ቀደም ሲል በሙከራ ከተፈተሸው ከ600 ጊዜ በላይ የሚበልጥ መሆኑን የሚያመለክተው መረጃ ግን በዚያው ስላይድ ግርጌ፣ በትንሽ ፊደል፣ ከሌሎች ነጥቦች ሥር ተቀምጦ ነበር። መንኮራኩሯ ጥር 24 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የምርመራ ቦርዱ በሪፖርቱ፣ ያንን ስላይድ ያነበበ ከፍተኛ ኃላፊ ጉዳዩ የሕይወት አደጋ መሆኑን ሳይገነዘብ ቢቀር እንደማያስደንቅ ገልጿል። ለአደጋው ምክንያቱ ስላይዱ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ዋናው ነገር ታች፣ ማጽናኛው ላይ ከተጻፈ አንባቢው ማጽናኛውን ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ርዕስ ፍርዱን ይናገር

በየስብሰባው የሚታዩት የስላይድ ርዕሶች አብዛኞቹ የመዝገብ ስም ይመስላሉ። «የምርጥ ዘርና የአፈር ማዳበሪያ አቅርቦትና ስርጭት አፈጻጸምን በተመለከተ» የሚል ርዕስ ለአብነት ይወሰድ። ተመልካቹ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ስለ ምን እንደሚወራ ያውቃል፤ ማዳበሪያው ይድረስ አይድረስ ግን አያውቅም። «ማዳበሪያው የደረሰው ዘር ከተዘራ በኋላ ነው» የሚለው አጭር ርዕስ ግን ጉዳዩንም ፍርዱንም በአንድ ጊዜ ይነግረዋል። «አፈጻጸም»፣ «ሁኔታ»፣ «በተመለከተ»፣ «ከማድረግ አንጻር» የሚሉት የቢሮ ቃላት ውጤቱን ሳይናገሩ መናገር የሚያስችሉ በመሆናቸው ከስላይድ ርዕስ ቢወጡ የሚጎድል ነገር የለም።

አማርኛ በዚህ ረገድ የራሱ ጠባይ አለው። ግሱ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። «ተፈጽሟል» ይሁን «አልተፈጸመም»፣ «ይፈለጋል» ይሁን «ተገኝቷል» የሚታወቀው መስመሩ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ነው። በመጽሐፍ ላይ አንባቢው ጊዜ ስላለው ይህ ችግር አይፈጥርም። በስላይድ ላይ ሦስት መስመር የያዘ ዓረፍተ ነገር ግን ተመልካቹ ወደ ግሱ ሳይደርስ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ መስመር፣ ቢበዛ ከሁለት መስመር አይለፍ። የአማርኛ ቃላትም ቅጥያ እየጨመሩ ስለሚረዝሙ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ሲጻፉ መስመሩ በየሁለት ቃሉ ይሰበራል፤ ጽሑፍን ለሁለት ዓምድ ከመክፈል በሁለት ስላይድ ማቅረብ ይሻላል።

አንድ የብድር ጥያቄ በምሳሌ

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ አሥር አባላት ያሉት አንድ የወጣቶች ማኅበር በመካነ ሰላም ዙሪያ በግ አደልቦ ለመሸጥ ብድር ጠየቀ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ማኅበሩ 40 በግ በነፍስ ወከፍ 6,000 ብር ይገዛል፤ ለእያንዳንዱ በግ መኖና ሕክምና 1,500 ብር ያወጣል፤ ከሦስት ወር በኋላ እያንዳንዱን በ9,000 ብር ይሸጣል። አጠቃላይ ወጪው 300,000 ብር፣ ሽያጩ 360,000 ብር ነው። አባላቱ 60,000 ብር ቆጥበዋል፤ የሚጠይቁት 240,000 ብር ነው።

የተለመደው አቀራረብ የሚጀምረው በማኅበሩ ስም፣ በዓርማው፣ በተመሠረተበት ቀን፣ በራእዩ፣ በተልእኮውና በእሴቶቹ ነው። ከዚያ ስለ ሥራ አጥነት አጠቃላይ መግቢያ ይከተላል። የገንዘቡ ጉዳይ የሚመጣው አሥራ አምስተኛው ስላይድ ላይ፣ ሰብሳቢው «ጊዜህ አልቋል» ካለ በኋላ ነው። የብድር ኮሚቴ ግን ሊሰማ የተቀመጠው አራት ነገር ነው፦ ስንት፣ ለምን፣ በምን ይመለሳል፣ ካልተሳካስ ምን ይሆናል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ስላይድ ርዕስ «ማኅበሩ 240,000 ብር ብድር ይጠይቃል፤ ለበዓል ገበያ ሸጦ ይመልሳል» ይሁን። ሁለተኛው ወጪውን በሦስት መስመር ያሳይ፦ በግ መግዣ 240,000፣ መኖና ሕክምና 60,000፣ ድምር 300,000 ብር። ሦስተኛው ገበያውን ያስረዳ። ወሎ የፋሲካውም የዓረፋውም ገበያ የሚደምቅበት አካባቢ ስለሆነ ማኅበሩ መቼ ገዝቶ መቼ እንደሚሸጥ በአንድ የወራት መስመር ላይ ቢያሳይ ከሁለት ገጽ ጽሑፍ የተሻለ ያሳምናል።

አራተኛው ስላይድ ብዙዎች የሚሸሹት ነው፦ ካልተሳካስ? ሦስት በግ ቢሞት የሚሸጠው 37 ይሆናል፤ ገቢው 333,000 ብር ነው፤ የብድሩ ወለድ ሳይታሰብ 33,000 ብር ይተርፋል። ዋጋው ወርዶ አንዱ በግ በ7,500 ብር ቢሸጥ ደግሞ ወለዱን ሳይጨምር ወጪና ገቢ እኩል ይሆናል። ይህን በራሱ ስላይድ ላይ ያስቀመጠ አመልካች ኮሚቴው ሊጠይቅ ያሰበውን ቀድሞ መልሷል። ችግርን መደበቅ ጥንቃቄ የሚመስላቸው አቅራቢዎች ብዙ ናቸው፤ ከኮሚቴው ወንበር ሲታይ ግን ችግሩን ያላነሣ አመልካች ችግሩን ያላሰበ አመልካች ነው። ከዚህ በኋላ አባላቱ ማን ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ስላይድና የበረቱ ወይም የቦታው ፎቶግራፍ ቢጨመር፣ ጠቅላላው ከሰባት ስላይድ ሳይበልጥ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

የግዕዝ ፊደልና የኮምፒዩተሩ ጉዳይ

በአማርኛ ስላይድ የሚያዘጋጅ ሰው በላቲን ፊደል ከሚያዘጋጀው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንደኛው የፎንት ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። በእነዚህ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ያው ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይታያል። በየጽሕፈት ቤቱ ከዓመት ዓመት እየተገለበጡ የሚሠራባቸው የድሮ ፋይሎች ስላሉ ችግሩ ዛሬም አልቀረም።

መፍትሔው በዩኒኮድ ፎንት መጻፍ ነው። ለዊንዶውስ የተሠሩት ኒያላና ኤብሪማ፣ በነጻ የሚገኙት አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሁሉም ዩኒኮድን ይከተላሉ። ኒያላ በተመሳሳይ ቁጥር ከሌሎቹ አነስ ብሎ ስለሚታይ በእርሱ የሚጽፍ ሰው መጠኑን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። የተመረጠው ፎንት በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ላይኖር ስለሚችል በፓወር ፖይንት «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሴቭ» በሚለው ገጽ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ማዘዝ ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ አስተማማኙ ግን የመጨረሻውን ቅጂ በፒዲኤፍም አስቀምጦ መያዝ ነው። ፒዲኤፍ አኒሜሽን አያሳይም፤ አብዛኛው አኒሜሽን ቢቀር ግን የሚከፋ ሰው አይኖርም።

ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ጭረት ላይ ነው። «ተከፈለ» እና «ተከፈሉ» የሚለዩት በአንዲት ቅጥል ነው፤ «ሰጠ» እና «ሰጡ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ሲያንስና የፕሮጀክተሩ ብርሃን ሲደክም መጀመሪያ የምትጠፋው ይህች ቅጥል ናት። በመሆኑም የርዕስ መጠን ከ36፣ የዝርዝር ጽሑፍ ከ28 ባያንስ ይመከራል። በቤት ውስጥ ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ፦ ስላይዱን በላፕቶፑ ላይ ሙሉ ገጽ ከፍቶ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መቆም። ከዚያ ሆኖ የማይነበብ ጽሑፍ በመካከለኛ አዳራሽ ከኋላ ወንበር ላይ አይነበብም። «ከኋላ ያላችሁ ላይታያችሁ ይችላል» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ የተለመደ ሆኗል፤ እንደማይታይ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ባይቀርብ ይሻል ነበር።

የላቲን ጽሑፍ ቃልን ለማጉላት ዘንበል ያለ ፊደልና ትልልቅ ሆሄ ይጠቀማል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም፤ ኮምፒዩተሩ በግድ ሲያዘነብለውም ቅርጹ ይበላሻል። የኛ ቁም ጸሐፊዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት መንገድ ሌላ ነው። በብራና መጻሕፍት ዋናው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ሲጻፍ ቅዱሳት ስሞችና የክፍል መጀመሪያዎች በቀይ ይጻፋሉ። ቀዩ ብርቅ ስለሆነ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። ይኸው ዘዴ ለስላይድም ይሠራል፦ አንድ የጽሑፍ ቀለም፣ አንድ የማጉያ ቀለም፣ በስላይዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ። ገጹ ሁሉ ከቀላ ግን የጎላ ነገር የለም።

የቦታ ስሞችን አጻጻፍ በተመለከተ «ሳይንት» እና «ሣይንት» በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው ሲገኙ ተመልካቹ አይሳሳትም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚይዛቸው በፍለጋ ጊዜ አንዱ ይቀራል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ይገባል።

ቁጥር፣ ዘመንና ግራፍ

ሠንጠረዥን ከኤክሴል ቀድቶ እንዳለ መለጠፍ ከሁሉም የበዛው ጥፋት ነው። ሃያ ረድፍና አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ የወረቀት ሥራ ነው። በስላይድ ላይ ከዚያ ውስጥ ክርክሩን የሚደግፉት ሦስት ወይም አራት ቁጥሮች ተመርጠው ይቅረቡ። ሁለት ነገሮችን ለማነጻጸር የአሞሌ ግራፍ፣ በጊዜ ውስጥ የመጣን ለውጥ ለማሳየት የመስመር ግራፍ ይበቃል። ከፍ ዝቅ ብሎ ጥላ የተጨመረበት ክብ ግራፍ የክፍሎቹን መጠን አዛብቶ ስለሚያሳይ ቢቀር ይመረጣል። የዕቅድ አፈጻጸምን በአረንጓዴና በቀይ ብቻ መለየትም አይመከርም፤ ከወንዶች መካከል ሁለቱን ቀለማት መለየት የማይችሉ ጥቂት ስላልሆኑ ከቀለሙ ጎን «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» የሚል ቃል ይጻፍ።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት ይሻል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ከውጭ የሚገኙ መረጃዎች ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በግራፍ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል የተጻፈ ዓመት ተመልካቹን ወደተሳሳተ ቦታ ይመራዋል። በወሎ ይህ የሚያስከትለው ግራ መጋባት ቀላል አይደለም። አንድ ተመራማሪ በዓለም አቀፍ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የዝናብ ግራፍ ቢያቀርብና ከታች 1977 ተብሎ ቢጻፍ፣ በአዳራሹ ያሉት ሽማግሌዎች የሚያስቡት «ሰባ ሰባትን» ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. 1984 እና 1985 ያረፈበትን፣ ከየቤቱ ሰው የወሰደውን ክፉ ዘመን። ተመራማሪው ግን የሚናገረው ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ስለነበረ ዝናብ ነው። በዚያ ዓመት የግራፉ መስመር ከፍ ብሎ ከታየ ተሰብሳቢው «ይህ ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ አገር ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ቀጥሎ የሚነገረውን ሁሉ ለማመን ይቸገራል።

ጥናቱ ወደ አርሶ አደሩ ሲመለስ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ የመመረቂያ ጥናት ስላይድም በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ያው ፋይል ለማኅበረሰቡ ሲቀርብ ነው። በተፋሰስ ልማት፣ በገብስ ምርት ወይም በቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ የተሠራ ጥናት መረጃውን የሰጡት አርሶ አደሮቹ ናቸው። ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ ማሳቸውን አስለክተው፣ ለመጠይቁ መልስ ሰጥተዋል። ውጤቱ ሊነገራቸው ሲጠሩ ስለ ናሙና አወሳሰድ ቀመርና ስለ ስታትስቲክስ ሠንጠረዥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስላይድ ማየት አይገባቸውም።

እንዲህ ላለው ስብሰባ ሌላ ፋይል መዘጋጀት አለበት። አሠራሩን የሚመለከቱት ስላይዶች ይወጣሉ፤ ውጤቱ ይቀድማል። ሄክታር በጥማድ ይተረጎማል፤ በብዙ ቦታ አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ተብሎ ስለሚሰላ ምርቱ በጥማድ ስንት ኩንታል እንደሆነ ቢነገር ገበሬው ከራሱ ማሳ ጋር ወዲያው ያነጻጽረዋል። እርከን ያመጣውን ለውጥ ለማሳየት አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ቆሞ በፊትና በኋላ የተነሣ ጥንድ ፎቶግራፍ ከማንኛውም ግራፍ ይበልጣል፤ ሁለቱ በተመሳሳይ ወር የተነሡ መሆናቸው ግን ይረጋገጥ። በጥቅምት የተነሣን አረንጓዴ ተዳፋት በሚያዝያ ከተነሣ ደረቅ መሬት ጋር ማነጻጸር ወቅቱን እንጂ እርከኑን አያሳይም፤ ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው አርሶ አደሩ ነው። ስለ ፓርኩ በሚሰጥ ገለጻም የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ፎቶ ለእንግዳ ማራኪ ነው፤ ለአጎራባች ነዋሪ ግን የግጦሹ ወሰን የተሰመረበት ካርታ ይበልጥበታል። ማንበብ የማይችሉ ተሳታፊዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ በስላይዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በቃልም ይነገር። ፊታቸው በግልጽ የሚታይ ሰዎችን ፎቶ ለማሳየት ፈቃዳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዕለቱ ዝግጅት

አዳራሹን ከአንድ ቀን በፊት፣ ካልሆነም ከአንድ ሰዓት በፊት ማየት ጠቃሚ ነው። መጋረጃ በሌለው ክፍል የደጋ ፀሐይ ከፕሮጀክተሩ ብርሃን ይበረታል፤ ጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ በዚህ ጊዜ ይጠፋል። በነጭ መደብ ላይ በጥቁር የተጻፈው ይቋቋማል። የቆዩ ፕሮጀክተሮች ቪጂኤ ገመድ ብቻ የሚቀበሉ ሲሆን ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ የቪጂኤ መሰኪያ የላቸውም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መለዋወጫ አስቀድሞ መጠየቅ ወይም ይዞ መሄድ ይገባል። ፋይሉ በፍላሽ፣ በኢሜይልና በስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ሲዞር የሚውል ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ፋይሎቹን ሊደብቅ ይችላል። በስልክ የተነሡ ፎቶግራፎች እንዳሉ ከገቡ ፋይሉን ስለሚያከብዱት «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» በሚለው ትእዛዝ ማሳነስ ይቻላል።

መብራት ሊጠፋ ይችላል። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ፕሮጀክተሩ ይቆማል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ስላይዶች በወረቀት ታትመው ለውሳኔ ሰጪዎች በቁጥራቸው ልክ ይዘጋጁ፤ ዋናው ቁጥርም በፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር ሊጻፍ ይችላል። ያለ ስላይድ መቀጠል የማይችል አቅራቢ ጉዳዩን በሚገባ አልተለማመደውም ማለት ነው። ልምምዱ ድምፅን አውጥቶ፣ በሰዓት እየተለካ፣ ቢቻል ስለ ጉዳዩ ምንም በማያውቅ ሰው ፊት ይደረግ።

የመጨረሻው ስላይድ በተለምዶ የጽጌረዳ ሥዕልና «አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍ ይይዛል። ምስጋና በቃል ቢነገር ይበቃል። የጥያቄና መልሱ ጊዜ ከገለጻው ሊረዝም ስለሚችል በዚያ ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚቆየው ጽጌረዳው ነው። በምትኩ የተጠየቀው ነገር በአንድ መስመር፣ ከሥሩም ዋናዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው ቢቆዩ ኮሚቴው የሚወያየው እነርሱን እያየ ይሆናል። ከዚያ ስላይድ ጀርባ፣ በገለጻው ጊዜ የማይታዩ ነገር ግን ሊጠየቁ የሚችሉ ዝርዝሮች፣ ማለትም የዋጋ ማረጋገጫ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የቦታ ካርታ፣ የመረጃ ምንጭ፣ በተጠባባቂነት ይቀመጣሉ። የስላይድ ቁጥራቸው በወረቀት ላይ ከተያዘ፣ ገለጻው በሙሉ ገጽ ላይ ሳለ ቁጥሩን ጽፎ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ መጫን ወደተፈለገው ስላይድ በቀጥታ ያደርሳል።